ሁለት ጣት በአንድ ገጽ

የካቲት 3 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለቆቂቱ፤

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። ደረጃውን ማንም ሳይደግፈኝ ወጥቼ እወርዳለሁ። ሾርባዬን ራሴ እሠራለሁ፤ የሚጠጣ ነው። ለሰው ሙሉ ልብስ መቁረጥ ብተውም ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የኮት ገበር እቀይራለሁ። ጠዋት ብርሃኑ ደህና ሲሆን መርፌ ውስጥ ክር በአንዴ አስገባለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ግን መርፌዋ ትግደረደርብኛለች። ይህንንም ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልጻፈልኝም። ፊደሌ ካጋደለ ስልክሽን አዘንብለሽ አንብቢ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ ልመካ ብዬ አይደለም። ምስክር ስለምፈልግ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናውን ይስጥሽ፤ ያለሽበት አገር ሰው ፊቱን ያብራልሽ። የእናትሽን ነፍስ ይማር፤ እሷ ብትኖር ይህን ነገር ላንቺ ሳይሆን ለእሷ ነበር የምነግራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ባለፈው ዓመት መጥቶ አንቺ የምትሠሪበትን የመድኃኒት አስታዋሽ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ጠዋት ሁለት ኪኒን አለኝ፤ አንዱ የልብ ነው፣ አንዱ የደም ግፊት። ማታ ደግሞ ሌላ አንድ አለ። ስውጥ ስልኩ ይነካል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ልጄም ካለበት ከተማ ሆኖ ያያል። እስከዚህ ደግ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ስልኩ ይዋሽብኛል። ጠዋት ሁለቱንም ውጬ አንዱ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ልጄ ይደውላል።

«አባዬ፣ ዛሬም የልቡን ረሳኸው።»

«አልረሳሁም።»

«ስልኩ እኮ እጄ ላይ ነው፤ እያየሁት ነው።»

እንግዲህ ከስልክ ጋር ግብግብ ልግጠም? ቁርጡን ነግሮኛል። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ መኪና ይዞ መጥቶ እሱ ቤት ሊወስደኝ ነው፤ ይህ ቤት ይከራያል። የእሱ ቤት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የስፌት መኪናዬን የት አባቴ አደርጋታለሁ? «ታርፋለህ» ይለኛል። ደከመኝ ያልኩት ማንን ነው?

ገንዘብ እንዳትልኪ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ፤ ያንን ነገር የሠራሽው አንቺ ነሽና እንዳይዋሽ አድርጊልኝ። ደውለሽ አትንገሪኝ፤ ጆሮዬ በስልክ ከተነገረው ግማሹን ነው የሚሰጠኝ። ጻፊልኝ። ደብዳቤዬን ፎቶ አንስታ የምትልክልሽ ጎረቤቴ አዋላጇ ናት። ካነበበችውም ታንብበው።

አጎትሽ


የካቲት 11 ቀን

ለተከበሩት ለጋሼ፤

ዝቅ ብዬ ሰላም እላለሁ። ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ቤትዎን ሰው አያሳጣብኝ። እኔ በደህና አለሁ፤ ሥራው ግን አናቴ ላይ ወጥቷል። ደብዳቤዎን ስልኬን አዘንብዬ፣ አንገቴን አጣምሜ አነበብኩት።

አስታዋሹን የሠራሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች ጽፈውት ሄደዋል፤ አሁን ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የድሮውን ኮድ ወደ አዲሱ አሠራር እያሻገርነው ነው። ኮድ የምንለው ለስልኩ የሚጻፈውን ትእዛዝ ነው። የጻፍነውን ስልኩ ወደሚገባው የሚያዞርልን ደግሞ ኮምፓይለር የሚባል ፕሮግራም አለ። የድሮው ቸልተኛ ነበር፤ ያልነውን ሁሉ እሺ ብሎ ያሳልፍ ነበር። አዲሱ ኃይለኛ ነው። «እዚህ ጋ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ሊነካ ይችላል» እያለ በቀይ ያሰምርብናል፤ ሳናስተካክለውም አያሳልፈንም። ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የሚቀበለኝ ያ ቀይ መስመር ነው። አለቃችን ደግሞ «አዲሱን በዚህ ወር ካላወጣችሁ» እያለ በየጠረጴዛው ይዞራል።

ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ምናልባት አንዳንድ ጠዋት አንዱን ውጠው ሌላውን ዘንግተው ይሆን? እኔ በዚህ ዕድሜዬ የቤቴን ቁልፍ ቢሮ ረስቼ ከበር እመለሳለሁ። ከፈለጉ ድምፁ ከፍ የሚል አዲስ ስልክ ልላክልዎ።

ልጅዎም ጽፎልኝ ነበር። ተጨንቋል።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


የካቲት 14 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። «አይቆጡኝና» ያልሽው ቦታ ላይ ስደርስ ተቆጣሁ። አዲስ ስልክ አልፈልግም፤ የዚህኛውን ውሸት ገና አልጨረስኩትም።

ልጄ ጽፎልሻል፤ እናንተ በጀርባዬ ተመካክራችኋል ማለት ነው። እሺ። የእኔን ቃል ደግሞ ስሚ።

ጠዋት አዋላጇ ከፊት ለፊት በር ትመጣለች። ጡረታ ከወጣች ቆየች፤ ሰውን እንደ አራስ የማዘዝ አመሏ ግን አብሯት ጡረታ አልወጣም። የኋላውን ክፍል የተከራየኝ የአውቶቡስ ሹፌርም ወደ ሥራው ሲወጣ ጎራ ይላል። እንዲጠብቁኝ ብሎ ልጄ በሁለቱም ስልክ ላይ ያንን ነገር ጭኖላቸዋል። እኔ ኪኒኖቹን በእፍኜ ይዤ ወደ አፌ ወርወር አደርጋቸዋለሁ፤ መዳፌን ገልጬ ለማንም አላሳይም፤ ሕፃን አይደለሁም። ከዚያ ስልኬን ከኪሴ ላወጣ ስል ሁለቱ ይሽቀዳደማሉ።

«ይቀመጡ አባባ፣ እኔ እነካልዎታለሁ» ይላል ሹፌሩ።

«አንተ ተወው፤ መሪ የለመደ ጣት ስልክ ይሰብራል» ትለዋለች እሷ።

«እንግዲያው የግፊቱ የእርስዎ፣ የልቡ የኔ።»

«ትናንትም የልቡን ወስደሃል። ልብ ልቡን አየህ።»

እንዲህ እየተጓተቱ እኩል ይነካሉ። አክብሮት ነው፤ ትልቅ ሰው ተቀምጦ ስልክ ሲጎረጉር ማየት ይከብዳቸዋል። ከዚያ ሳየው አንዱ አረንጓዴ ነው፣ አንዱ ቀይ። እሑድ እሑድ ሁለቱም ሳይኖሩ ብቻዬን ስነካ ግን ሁለቱም አረንጓዴ ነው። እንግዲህ ፍረጂ፤ ሰው ሲኖር ነው እንዴ የምረሳው? ልጄ የሚለኝ ይህንኑ ነው። «ሁለት ሰው እየጠበቀህ እንኳ ትረሳለህ» ይለኛል። የቀረውን ኪኒን ቆጥረህ አሳየኝ ቢለኝ ደግሞ የአሮጌውን ብልቃጥ ትራፊ ከአዲሱ ጋር ደባልቄዋለሁ፤ ማን ለፍርድ ያስፈልገኛል ብሎ አሰበ?

ሹፌሩን «ጣትህ ሰፊ ስለሆነ ነው» ብዬ ሰው ፊት ተናግሬዋለሁ። ሳቅ ብሎ ወጣ።

ለዚህ መልስ ስጪኝ። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

አጎትሽ


መጋቢት 1 ቀን

ለተከበሩት ለጋሼ፤

ጋሼ፣ አልረሱም።

ከሰላምታው በፊት ይህን ማስቀደሜን ይቅር ይበሉኝ፤ መዘግየቴንም እንዲሁ። አሁን ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርልኝ።

ሁለቱ እኩል እንደሚነኩ ባይጽፉልኝ አላገኘውም ነበር። እኛ ስንፈትሽ አንድ ሰው በአንድ ስልክ ይነካል፤ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። አንዱን አዛውንት ለማገዝ ሁለት ሰው ከወንበሩ ይነሳል ብሎ ያሰበ የለም።

የሚሆነው ይህ ነው። የዛሬው ቀን ስልክዎ ውስጥ እንደ አንድ ገጽ ነው፤ በላዩ ላይ የልብና የግፊት ተብሎ ተጽፏል። አዋላጇ በራሷ ስልክ ስትነካ የእርስዎ ስልክ ውስጥ አንድ ሥራ ይነሳል፤ ገጹን ይቀዳል፣ «ግፊት ተውጧል» ብሎ ይጽፍበታል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሹፌሩም በዚያችው ቅጽበት ሲነካ ሌላ ሥራ ይነሳል፤ እሱም ገና ባዶውን ገጽ ቀድቶ «ልብ ተውጧል» ብሎ ይጽፋል። ኋላ የመጣው የራሱን ገጽ ከፊተኛው በላይ ያስቀምጣል። የፊተኛው ጽሑፍ ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። ሁለቱም ልክ ሠርተዋል፤ ገጹ ግን አንዱን አያውቀውም።

አሁን የከበደኝን ልንገርዎ። ኮምፓይለሩ ይህን ቦታ አስምሮበት ነበር። ባሰመረበት ሳምንት አለቃችን «ዝም አሰኙትና እንውጣ» አለን። ዝም የሚያሰኝ ቃል አለ፤ ትርጉሙ «ይህን ቦታ እኔ አይቼዋለሁ፣ በእኔ ይሁንብህ፣ አትመልከት» እንደማለት ነው። ያን ቃል የጻፍኩበት እኔ ነኝ። አላየሁትም ነበር።

አሁን አንስቼዋለሁ። ገጹን አንድ ጠባቂ ብቻ እንዲይዘው አድርጌያለሁ፤ መጻፍ የሚፈልግ ሁሉ ጠባቂው ደጃፍ ተሰልፎ ይገባል። አዲሱ በዚህ ሳምንት ስልክዎ ላይ ይጫናል። ለልጅዎም እጽፍለታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቀይ ሆኖ ሲቀር ስልኩ መልሶ ይጮሃል፣ «አልወሰዱም፣ ይውሰዱ» እያለ። ሲጮህብዎ ምን ያደርጋሉ?

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 5 ቀን

ለእህቴ ልጅ ለቆቂቱ፤

እጅሽ ይባረክ፤ የያዝሽው ሁሉ ይስመርልሽ። «አልረሱም» ያልሽውን እኔው አንብቤዋለሁ፤ ግን ከሰው አፍ ልስማው ብዬ አዋላጇን አስነበብኳት። ደግማ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት፤ አነበበች። አሁንም ስላት «በቃ፣ ፍሬም ግዛና ስቀለው» አለችኝ።

ልጄን ደውዬ ነገርኩት። «አባዬ፣ እሷ አንተን ላለማስከፋት ነው» አለኝ። «በጽሑፍ ነው የነገረችኝ» አልኩት። «እሺ፣ ከተስተካከለ እናያለን» አለ። በድምፁ ግን አላመነኝም፤ እንደ ታማሚ ነው ያባበለኝ። ስለዚህ ፈጥነሽ ጻፊለት፤ እኔ የምለው እሱ ዘንድ ክብደት የለውም።

ትናንት አዲሱን ጫንን። ዛሬ ጠዋት ሁለቱ እኩል ነኩ፤ ሁለቱም አረንጓዴ። ሹፌሩ እየሳቀ «ጣቴ ጠበበች መሰለኝ» አለኝ። ቅር ብሎት ነበር ማለት ነው።

ስለ ሥራሽ ደግሞ፣ አለቃሽ ቢቆጣ አትፍሪው። የሚቸኩል ሰው ጥድፊያውን ሌላ ላይ ነው የሚጭነው።

መጨረሻ ላይ የጠየቅሽኝን አዋላጇ ስታነብ ቀና ብላ አየችኝ። እሱ ይቅር።

አጎትሽ


መጋቢት 10 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ዛሬ ጠዋት እንደገና ቀይ ሆነ። የልቡ።

ልጄ ወዲያው ደወለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አባዬ፣ ስልኩ ተስተካክሏል ብለኸኛል። እሷም ጽፋልኛለች። እንግዲህ ዛሬ ማን ነው የተሳሳተው?» አለኝ።

ማምለጫዬን አንቺው ዘጋሽብኝ። ድሮ ስልኩ ይዋሻል እል ነበር፤ አሁን እሱንም ማለት አልችልም። አዋላጇን ስልክ ላይ አስቀርቦ ጠየቃት። «ወደ አፉ ሲወረውር አይቻለሁ፣ መዳፉ ውስጥ ስንት እንደነበር ግን አላየሁም» አለች። እውነቷን ነው።

«የስፌት መኪናዋን የሚፈልግ ሰው ልጠይቅ?» አለኝ ሊዘጋ ሲል። በደግነት ነው የጠየቀኝ። ደግነቱ ነው ያቃጠለኝ።

ከእንግዲህ አትጻፊልኝ። መልካም ሥራ ይሁንልሽ።

አጎትሽ


መጋቢት 12 ቀን

ለተከበሩት ለጋሼ፤

አትጻፊ ብለውኛል፤ ይህን ግን ሳይጽፉልኝ ያስቀሩትን ስላወቅሁ እጽፋለሁ። አዋላጇ የመጨረሻ ደብዳቤዎን ስትልክልኝ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረች። «ደረጃው ላይ መውደቁን ነግሮሻል ወይ?» ይላል።

አልነገሩኝም። መቼ ነው? ምን ሆነው ነው? ለልጅዎስ ተነግሮታል? እባክዎ ይህን አይለፉት።

ዛሬ የቀዩን ምክንያት አግኝቼዋለሁ፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የእኔው ጥገና ነው። ጠባቂ አቆምኩ ብዬ ጽፌልዎ ነበር። ጠባቂው ገጹን አንብቦ ከሩቅ ካለው የድርጅታችን ኮምፒውተር መልስ መጠበቅ ሲኖርበት በሩን ክፍት ትቶ ይጠብቃል፤ እሱ ሲጠብቅ ሌላው ገብቶ ይጽፋል። መልሱ ሲመጣለት ጠባቂው ቅድም ያነበበውን ይዞ ይጽፍበታል። ያው መቅበር ነው። ድሮ በየቀኑ ይሆን የነበረው አሁን አልፎ አልፎ መሆኑ ነው ልዩነቱ፤ አልፎ አልፎ የሚሆነው ደግሞ የባሰ ነው፤ ሰው ይጠረጠርበታል። ኮምፓይለሩ ይህን አያይም፤ እሱ እዚህ ቦታ ያሰመረበትን ሁሉ አጥፍቼ ነበር፣ ማሰብ የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ።

ለአለቃዬ «ይህ እስኪስተካከል ሌላ አላወጣም» አልኩት። በሩን ዘግቶ አናገረኝ። «አንድ ቤተሰብ ላይ የደረሰ ነገር ነው» አለ። «የማናውቃቸው ስንት ቤተሰቦች ናቸው?» አልኩት። ነገ ከሥራ ልባረር እችላለሁ፤ ዛሬ ግን ወንበሬ ላይ ነኝ።

ይመልሱልኝ፣ ጋሼ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 18 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

አልጽፍም ብዬ ነበር። አዋላጇን ጭምር ማናገር ትቼ ነበር። ጠዋት ትመጣለች፣ ቆማ ታየኛለች፣ እኔ ግድግዳውን አያለሁ፣ ትሄዳለች። ዛሬ ግን ተቀመጥኩ።

በየካቲት መጨረሻ ነው። ጠዋት ሁለቱንም ውጬ፣ እነሱም ነክተው ወደየጉዳያቸው ሄዱ። እኔ የአንድ ሰውዬ ሱሪ ጫፍ ላይ ነበርኩ። ስልኩ ጮኸ። «የልብ መድኃኒትዎን አልወሰዱም።» ዝም አልኩት። መልሶ ጮኸ። ከዚያ ልጄ መልእክት ላከ፤ «አባዬ እባክህ።» እንግዲህ አስቢው። የኪኒኑ ምሬት ገና ምላሴ ላይ ነበር። መዋጤን ምላሴ ያውቃል። ግን ስልኩ አልዋጥክም አለ፣ ልጄም አልዋጥክም አለ፤ ሁለት ለአንድ። ምናልባት የሚመረኝ የትናንቱ ይሆናል አልኩ። ተነሥቼ ደገምኩት።

ሱሪውን ላደርስ ስወርድ ደረጃው ከሥሬ ሸሸ። ራሴን አልሳትኩም፤ ቁጭ ነው ያልኩት፤ ግን መነሳት አቃተኝ፤ ልቤ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ አንዴ መታ አድርጎ ይቀመጣል። ሹፌሩ ምሳውን ሊበላ ሲመለስ አገኘኝ። አዝሎ አወጣኝ፤ እኔን የሚያህል ሰው። አዋላጇ እግሬን በትራስ ከፍ አድርጋ፣ የእጄን የደም ምት ይዛ እስኪመለስልኝ ከጎኔ አልተነሳችም። ሐኪም ቤት ልውሰድህ ብትለኝ ወይ ፍንክች። ለልጄ እንዳይነግሩ አስማልኳቸው፤ ከነገሩት በማግስቱ ስድስተኛ ፎቅ ነኝ።

ያልነገርኩሽ መውደቄን አፍሬበት አይደለም። ሰው ይወድቃል። ያፈርኩበት ከገዛ ምላሴ ይልቅ ስልኩን ማመኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ራሴን እጠረጥራለሁ። በሩን ቆልፌ እመለስና እነካዋለሁ። ሱሪ ለክቼ እንደገና እለካለሁ።

ከሥራ የሚያስወጣሽ ከሆነ ስለ እኔ ብለሽ አትጋጪ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

አጎትሽ


መጋቢት 25 ቀን

ለተከበሩት ለጋሼ፤

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ከወንበሬ ተነሥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቆየሁ። ይቅርታ መጠየቅ ይህን አይመልሰውም፤ ቢሆንም ይቅር ይበሉኝ። እግዜር የተረፈውን ጤናዎን ይጠብቅልኝ።

አሁን ተስተካክሏል፤ በዚህኛው ጊዜ ቃሌን ሳልሰጥ በፊት ራሴ ፈትኜዋለሁ። ጠባቂው ከሩቅ የሚጠብቀው ካለ መጀመሪያ ጠብቆ ይጨርሳል፤ ገጹን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዴ ካነሳው ጽፎ እስኪያስቀምጥ ማንንም አያስገባም። ደግሞም ገጹን ሙሉውን አይለውጥም፤ የተነካችዋን መስመር ብቻ ይነካል። ባልደረቦቼን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጬ ስልክ በስልክ አሲዤ «አሁን» ስል እኩል አስነካኋቸው። አንዱ «ለአጎትሽ ሠርግ ነው እንዴ ልምምዱ?» አለኝ። ስንደጋግመው ዋልን፤ አንድም ቀይ አልቀረም። «በእኔ ይሁንብህ» ብዬ የጻፍኩባቸውን ሌሎቹንም ቦታዎች አንድ በአንድ እያነሳሁ ነው። «አልወሰዱም» የሚለውንም አስቀየርኩት፤ አሁን «ወስደዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሰው ይውሰዱ አይልም። አለቃዬ አላባረረኝም። አያናግረኝም እንጂ።

አዲሱ ማስተካከያ ስልክዎ ላይ ሳይጫን አልቀረም። ልጅዎ እኔንም ከቤተሰቡ ተመልካች አድርጎ አስገብቶኛልና ገጽዎን አያለሁ። የጠዋቱ ንጹሕ ነው።

ጋሼ፣ የማታውን አየሁት። አንዳንድ ማታ ቀይ አለ። ማታ አዋላጇ የለችም፣ ሹፌሩ ሥራ ላይ ነው፣ የሚሻማ ጣት የለም። ኮዱ ውስጥ ምክንያቱን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።

ስለ ማታው ለልጅዎ ምንም አልጻፍኩም። እሱ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚያየው። የወሩ መጨረሻ ደርሷል። ምን እንዳደርግ እንደሚፈልጉ ይንገሩኝ፤ የሚሉኝን አደርጋለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 2 ቀን

ለእህቴ ልጅ ለቆቂቱ፤

ፈጣሪ የሚያናግርሽ አለቃ ይስጥሽ። ለደብዳቤሽ ቶሎ ያልመለስኩት ምን እንድታደርጊ እንደምፈልግ ስላላወቅሁ ነው። ሳላውቅ ልጄ መጣ።

መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ባዶ ካርቶን ታቅፎ ገባ። ካርቶኑን የስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀመጠው። አዋላጇና ሹፌሩ እንደ ልማዳቸው መጡ። በዚያን ቀን መዳፌን ገልጬ ለሁሉም አሳየሁ፤ ሁለት። ዋጥኩ። ሁለቱ እኩል ነኩ። ልጄ ስልኩ ላይ አጎነበሰ። ሁለቱም አረንጓዴ።

«እሺ» አለ። «ስልኩ ነበር የተሳሳተው። እኔም ተሳስቻለሁ፣ አባዬ።» ካርቶኑን በእግሩ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገው።

እዚያ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። መኪናው ባዶውን ይመለስ ነበር። አንቺም አትናገሪብኝም ነበር፤ አውቅሻለሁ። ግን ስልኩ እውነት መናገር ከጀመረ እኔ በየት በኩል ልሂድ?

«የማታውን እይ» አልኩት።

አየ። ወደ ኋላ እየሄደ አየ። ፊቱ ተለወጠ። «ይሄስ የምን ስህተት ነው?»

«ይሄ እኔ ነኝ።»

ሹፌሩ ሥራ ረፍዶበት ሳለ እንኳ አልወጣም። ማታ ማታ ብቻዬን ስሆን ወንበሬ ላይ እንደሚያሸልበኝ፣ ነቅቼ ውጬ ይሁን ሳልውጥ እንደማይታወቀኝ፣ እንዳልደግመው ስለምፈራ እንደምተወው ነገርኩት። ደረጃው ላይ የሆንኩትንም ነገርኩት። አዋላጇ «በመጨረሻ» ብላ ተነፈሰች።

ልጄ ካርቶኑን ያየዋል፣ እኔን ያየኛል። ከዚያ «ምን ይሻላል?» አለኝ። እስከ ዛሬ የሚሻለውን ይነግረኝ ነበር እንጂ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ስጠየቅ መልስ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ማታ አዋላጇ ቤት እበላለሁ አልኩ፤ የማታው ብልቃጥ እሷ ዘንድ ይቀመጣል፣ ከእጇ እወስዳለሁ፣ የምትነካውም እሷ ብቻ ናት። ሳትፈቅድ ነው የተናገርኩት። «ማን ጋበዘህ?» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «ከዜና በፊት ና፣ በኋላ በር አልከፍትም» አለች። እንዲህ ሆኖ እንኳ ቀይ ከበዛ የስፌት መኪናዬን እኔው ፈትቼ ካርቶኑ ውስጥ አስገባለሁ ብዬ ለልጄ እጄን ሰጥቼዋለሁ። እጄን ያዘ። ካርቶኑን ትቶልኝ ሄደ፤ አሁን ቁርጥራጭ ጨርቅ አድርጌበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ማታው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ያው ታይው የለ።

እንግዲህ ዕዳ አለብኝ፤ የምከፍለውም እኔው ነኝ፤ አንቺም ልጄም እጃችሁን እንዳታስገቡ።

ለሹፌሩ፤ ጣትህ ሰፊ ነው ያልኩት ሰው ፊት ነውና ይቅርታዬም ሰው ፊት ይሆናል። ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ወጥቼ፣ ተሳፋሪ ሞልቶ ሳለ እነግረዋለሁ። የመቀመጫው ሽፋንም ተቀዷል፤ እሰፋለታለሁ።

ለአዋላጇ፤ ግድግዳ እያየሁ ያሳለፍኩት ጠዋት ሁሉ ሰላምታ አለብኝ። ወጧ ጨው የለውም እያልኩ ስንት ዓመት አምቼያታለሁ፤ አሁን በየማታው ዝም ብዬ እበላዋለሁ።

ለልጄ፤ «እንዴት አደርክ» ባለኝ ቁጥር «ደህና» ብቻ ብዬው ኖሬያለሁ። እሑድ እሑድ ሲደውል ያመመኝን አመመኝ ማለት አለብኝ። ይህኛው ከሁሉም ይከብደኛል።

ለአንቺ፤ አትጻፊልኝ ያልኩትን መልሼ ወስጄዋለሁ።

ከወደቅሁ በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ የአንድ ሰውዬ ኮት እጅጌ ግራውን ከቀኙ አቀያይሬ ገጥሜበታለሁ። ሰውዬው ለብሶት መስተዋት ፊት ቆመ፣ አየኝ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ያን ኮት ፈትቼ እንደገና እገጥመዋለሁ። ሰፈሩን እንጂ ቤቱን አላውቀውም፤ በእግሬ ሄጄ እጠይቃለሁ።

አጎትሽ